ዩኒፎርም ማታ ይወልቃል፣ ፀጉር ግን አይወልቅም

ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። የኅዳር ሰኞ ጠዋት ነው። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ ወደ ክፍል ልንገባ ስንል ዩኒት ሊደሩ በሰልፉ መሃል መዞር ጀመሩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገዋል። ከእኔ ሁለት ልጅ አልፎ የቆመ ልጅ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። እጃቸው ወደ ፊት ሲመጣ መቀስ ይዟል። ምንም አልተናገሩም። ከግንባሩ ተነስተው እስከ አናቱ ድረስ፣ መሃል ለመሃል፣ መንገድ አወጡለት። ፀጉሩ መጀመሪያ ሰማያዊ ሹራቡ ትከሻ ላይ፣ ከዚያ አቧራው ላይ ወደቀ። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ሂድና ተላጭተህ ና!» አሉት።

ልጁ እስከ ሐሙስ አልመጣም። ማክሰኞ የሒሳብ ፈተና ነበረን።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ነገሩ ግን አላለፈም። ዛሬም ትምህርት በተጀመረ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ያው ጭቅጭቅ አለ። ድሬድ ያደረገ ወንድ ይመለሳል። ፍሪዙ ያደገበት ይመለሳል። ጎንና ጎኑን ተላጭቶ አናቱን ያስቀረ፣ ፀጉሯን ቀለም የተቀባች፣ ሁሉም አንድ ጥግ ይቆማሉ። «ወላጅ አምጡ» ይባላሉ። ግማሹ ወላጅ «ደግ አደረጋችሁ» ብሎ መምህሩን ያመሰግናል። ግማሹ ተቆጥቶ ይመጣል።

የማምነውን ከወዲሁ ልናገር። ትምህርት ቤት ስለ ንጽሕናና ስለ ደኅንነት ደንብ ማውጣት ይችላል፤ ማውጣትም አለበት። ስለ ልብስም ማዘዝ ይችላል። ፀጉር ላይ ሲደርስ ግን እጁን መሰብሰብ አለበት። ዩኒፎርም ማታ ይወልቃል። ልጁ ቤቱ ሲገባ ሹራቡን ምስማር ላይ ሰቅሎ የራሱን ልብስ ይለብሳል። የተቆረጠ ፀጉር ግን ማታም፣ ቅዳሜና እሁድም፣ ክረምቱን በሙሉም አብሮት ነው። ትምህርት ቤቱ ልጁን የሚያገኘው በቀን ጥቂት ሰዓት ነው። ፀጉሩ ላይ ሲያዝ ግን የቀረውን ሰዓትም ይወስድበታል።

የመምህራኑን ወገን አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ስልሳና ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ገብቶ ማስተማር ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ሥርዓት ከሌለ ትምህርት የለም። ከሁሉም ክርክር የሚከብደኝ ግን የእኩልነቱ ነው። አንዷ ውድ ሂውማን ሄር አስቀጥላ ስትመጣ አጠገቧ የተቀመጠችው ምን ይሰማታል? አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ስትሰጥ ከጥቅሞቹ አንዱ ይኸው ነበር። ጫማው የተቀደደ ልጅ እንኳ ሹራቡ ከጓደኛው ሹራብ አይለይም።

ይህን እቀበላለሁ። ዩኒፎርምን የምደግፈውም ለዚህ ነው። ሂውማን ሄርንም ቢሆን እንደ ጌጥ ቆጥሮ መከልከል ይቻላል፤ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነውና። ከራስ የበቀለን ፀጉር ከዚያ ጋር ስናደባልቀው ግን ክርክሩ ይገለበጣል። እናቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ የሠራችላት ሹሩባ ሳንቲም አያስወጣም። በየሦስት ሳምንቱ ፀጉር ቤት ሄዶ በቶንዶስ መስተካከል ግን ያስወጣል። በእኩልነት ስም የወጣው ደንብ ቀድሞ የሚመታው የደሃውን ልጅ ነው። ያ የክፍላችን ልጅ እስከ ሐሙስ የቀረው አፍሮ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ምክንያት የመላጫ ገንዘብ መጥፋቱ ነበር። ሌላውን ምክንያት በኋላ እመለስበታለሁ።

ደግሞስ በእኛ አገር የልጅ ፀጉር መቼ ዝም ብሎ ፀጉር ሆኖ ያውቃል? ቁንጮ ነበር፣ ጋሜ ነበር። አፄ ቴዎድሮስን በዓይነ ኅሊናችን የምናያቸው በሹሩባቸው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ጎፈሬያቸውን አሳድገው ዱር ለዱር ተዋግተዋል። የከረዩ ኦሮሞ ወጣት፣ የአፋር ወጣት፣ የሐመር ሴት፣ እያንዳንዳቸው ማን እንደሆኑ ከሩቅ የሚነገረው በፀጉራቸው ነው። የባህል ቀን ሲደርስ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ሁሉ በኩራት መድረክ ላይ ያወጡታል። ለአድዋ በዓል ልጆቹ ሰው ሠራሽ ጎፈሬ ደፍተው፣ ጦርና ጋሻ ይዘው ይፎክራሉ። ወላጅ ተነስቶ ያጨበጭባል። በማግስቱ ያው ጎፈሬ ከራሱ አናት የበቀለበት ልጅ በር ላይ ይመለሳል። ይህን ለአንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንዴት አድርገን እናስረዳዋለን? ሹሩባስ ንጉሥ ላይ ሲያምር ወንድ ተማሪ ላይ ነውር የሚሆነው በየትኛው ሥርዓት ነው?

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ከእኛ ጋር ግን ብዙ ሰው በማያስበው በኩል ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ጋና ውስጥ ሁለት ወንድ ልጆች አቺሞታ ትምህርት ቤት ተመድበው ሊመዘገቡ ሄዱ። አቺሞታ አክራ የሚገኝ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ነው፤ ክዋሜ ንክሩማ የተማሩበት። ልጆቹ ቦታውን ያገኙት በውጤታቸው ነው። በሩ ላይ ግን «ድሬዳችሁን ካልቆረጣችሁ አትገቡም» ተባሉ።

ልጆቹ የራስታ እምነት ተከታዮች ናቸው። የእምነቱ ስም ከእኛው ቤት የወጣ ነው። ራስ ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከመጫናቸው በፊት የሚጠሩበት ስም። ራስታዎች ፀጉራቸውን የማይቆርጡት ኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 6 ላይ ያለውን የናዝራዊነት ስእለት ይዘው ነው። የሶምሶንን ታሪክ የሚያውቅ የእኛ ሰው ነገሩ አይከብደውም። በየገዳማቱ ፀጉራቸው ተያይዞ ትከሻቸው ላይ የወረደ ባሕታውያንን ስናይ ማንም «ተላጩ» አይላቸውም። ንጉሡ በሰጡት መሬት ሻሸመኔ ላይ የሰፈሩት ራስታዎችም የእነዚህ የጋና ልጆች የእምነት ወንድሞች ናቸው።

ጉዳዩ አገሩን ከፈለው። የጋና የትምህርት አገልግሎት መጀመሪያ ይግቡ አለ፣ ከዚያ ሐሳቡን ለወጠ። የመምህራን ማኅበር ከትምህርት ቤቱ ጎን ቆመ። «ደንባችን ለሁሉም እኩል ነው» ነበር የትምህርት ቤቱ መልስ። አባቶቻቸው ፍርድ ቤት ሄዱ። ሜይ 31 ቀን 2021 አክራ የሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልጆቹ ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ። ዳኛዋ የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነበር። ልጆቹ ፀጉራቸውን ይዘው ቢማሩ ለትምህርት ቤቱ፣ ለሌሎቹ ተማሪዎች፣ ወይም ለራሳቸው ምን ጉዳት ይመጣል? ትምህርት ቤቱ የሚያሳምን ጉዳት ማሳየት አልቻለም። ከሁለቱ አንደኛው ከጥቂት ዓመት በኋላ በማጠናቀቂያ ፈተናው በ8 የትምህርት ዓይነት ኤ አመጣ። ድሬዱ አናቱ ላይ እንዳለ ነው።

ናይሮቢ ኪቤራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት ተማሪ፣ ማላዊ ውስጥ በ2023 ሌሎች የራስታ ልጆች በተመሳሳይ ጉዳይ ፍርድ ቤት ረትተዋል። ዳኞቹ የተለያዩ አገሮች፣ የተለያዩ ሕጎች ሰዎች ናቸው። የደረሱበት ግን አንድ ነው። ልጁን ከክፍል የምታስወጣው ከሆነ ምክንያትህን አሳይ።

«ደንብ ደንብ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደግሞ ታይላንድ ትዝ ይለኛል። እዚያ የተማሪዎች ፀጉር ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ያወጣው ሥልጣን ላይ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ነው። ወንዱ እንደ ምልምል ወታደር ይቆረጣል፣ የሴቷ ፀጉር ከጆሮዋ ጫፍ አይወርድም። በ1975 የትምህርት ሚኒስቴሩ በዝርዝር አስቀመጠው። እነዚያ ወታደሮች ሄዱ። መንግሥት ስንት ጊዜ ተቀያየረ። ደንቡ ግን ቆየ። በየሰልፉ ላይ መቀስ የያዘ መምህርም ነበር፤ መሃል አናቱ ላይ መንገድ የወጣለት ልጅም ነበር። ያንን የታይላንድ ልጅ ፎቶ ሳይ የእኔን ክፍል ልጅ ያየሁ ነው የመሰለኝ።

በ2020 ባንኮክ መሃል ገበያ ላይ አንዲት ተማሪ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጇ ታስሯል፣ አፏ በፕላስተር ተዘግቷል። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ጽሑፍ ይህች ተማሪ ፀጉሯ ከጆሮዋ ስለወረደ ደንብ ጥሳለች፣ ቅጧት ይላል። መቀስም አዘጋጅታለች። መንገደኛው ቆሞ አየ። ያን ጊዜ የተነሳው የተማሪዎች ጥያቄ ዝም አላለም። በማርች 2025 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የ1975ቱን ደንብ ሻረው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ ማን ለምን እንዳወጣው ተረስቶ፣ ልጆችን ሲያስቆርጥ የኖረ ደንብ ነው። እኛ ጋስ የየትምህርት ቤቱን የፀጉር ደንብ ማን አወጣው? መቼ? ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «እኔ ስመጣም ነበር» ነው።

«አንዱን ከፈቀድን ሁሉም ይመጣል» የሚለው ስጋትም መልስ አግኝቷል። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ የሕንድ ዝርያ ያላት አንዲት ተማሪ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ጌጥ ስላደረገች ከትምህርት ቤቷ ጋር ተጋጨች። ለቤተሰቧ ጌጡ ሃይማኖትም ባህልም ነው። ትምህርት ቤቱ ይህን ከፈቀድን ነገ ድሬድ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ይመጣል አለ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ውሳኔ ሲሰጥ ዋና ዳኛው ፒየስ ላንጋ የመለሱት መልስ ከአእምሮዬ አይጠፋም። እምነቱንና ባህሉን ለማሳየት ይፈራ የነበረ ሌላ ልጅ በዚህ ተበረታቶ ቢመጣ የምንደሰትበት እንጂ የምንፈራው ነገር አይደለም ነው ያሉት። ጌጡን ያደረገችው ልጅ ረታች።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ። «ፀጉር ሲረዝም ቅማል ይመጣል» ይባላል። ቅማል ዋናው መተላለፊያው የጭንቅላትና የጭንቅላት መነካካት ነው፤ መድኃኒቱም ማየት፣ ማበጠርና ማከም ነው። ላሽ ደግሞ በተቃራኒው ባልጸዳ ቶንዶስ ይተላለፋል። ልጆችን በአንድ ቀን አሰልፎ በአንድ ቶንዶስ ማስላጨት ላሽን ለማዛመት የታሰበ ይመስላል። ላሽ የያዘውን ልጅ ደግሞ ኮፍያ አድርጎ ሲመጣ «ኮፍያ ክልክል ነው» ብለን እናስወልቀዋለን። ጓደኞቹ ፊት። ጤና ከሆነ የተፈለገው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው እንጂ ወደ ቤት ማባረር ምን ያደርጋል?

ደኅንነት ግን እውነተኛ ምክንያት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ እሳት አለ። ቴክኒክና ሙያ ውስጥ ቶርኖ አለ፤ የተበተነ ፀጉር ይዞ ይጎትታል። እዚያ ደንቡ «እሰሪ፣ እሰር» ነው። የሚታሰር ነገር መቆረጥ የለበትም።

ባሕር ማዶ ያሉ ቤተሰቦችም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስና ሂውስተን አካባቢ፣ ብዙ የእኛ ልጆች ይማራሉ። በዚሁ ግዛት ሂውስተን አጠገብ አንድ ጥቁር ተማሪ በድሬዱ ምክንያት ከ2023 ኦገስት መጨረሻ ጀምሮ የትምህርት ዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ከክፍሉ ተለይቶ ተቀመጠ። ድሬዱን አናቱ ላይ ጠቅልሎ አስሮታል። ትምህርት ቤቱ «ቢፈታ ከጆሮው ይወርዳል» አለ። ልብ በሉ፤ ልጁ የተቀጣው ባልተፈታ ፀጉር ነው። በጥቁሮች የፀጉር አሠራር ምክንያት ሰውን ማግለል የሚከለክለው የቴክሳስ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 ግን ዳኛው ሕጉ ስለ ርዝመት አይናገርም ብሎ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። እዚያ ያላችሁ ወላጆች የልጃችሁን የትምህርት ቤት መመሪያ ከማስፈረማቸው በፊት አንብቡት። ሹሩባና ድሬድ ይፈቀዳል የሚል ሕግ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ስለ ርዝመት የሚለውን መስመር ፈልጉ።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ መሠረቱ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 24 ስለ ሰው ክብር ይናገራል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር ጠብቆ መፈጸም አለበት ይላል። ሰልፍ ላይ፣ ሳይጠየቅ፣ እየተሳቀበት፣ በመቀስ አናቱ የተበላሸ ልጅ ክብሩ ተጠብቋል የሚል ሰው ካለ ክርክሩን ልስማ።

የዚህ ነገር ከባዱ ፈተና ግን ፀጉሩ ሲሸፈን ነው የመጣው። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ሂጃብ በማድረጋቸው ከትምህርት ገበታ የተለዩ ሴት ተማሪዎች ነበሩ። ቁጥራቸው ከ150 በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ለብሔራዊ ፈተና የሚመዘገቡበት ወቅት ነበር። መቐለ ላይ ሰልፍ ወጣ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ አክሱም ያለው ፍርድ ቤትም ክልከላው እንዲታገድ አዘዘ። እዚህ ላይ «ሂጃብ እኮ ጨርቅ ነው፣ እንደ ሹራቡ ይወልቃል፤ አንተው ልብስ ላይ ማዘዝ ይቻላል ብለህ የለ?» ብላችሁ ብትይዙኝ ትክክል ናችሁ። ለምታምንበት ልጅ ግን አይወልቅም። ሹራቡን ያወለቀ ልጅ ምንም አያጣም። ሂጃቧን ያወለቀች ልጅ ከአምላኳ ጋር ያላትን ነገር ነው በር ላይ ትታ የምትገባው። ለእኔ መለያው ይህ ነው። ነገሩ ከልጁ ላይ ሲነሳ ከልጁ አብሮ የሚሄድ ነገር አለ ወይ?

ስለዚህ ትምህርት ቤት ፀጉር ላይ ጨርሶ አይናገር አልልም። ንጹሕ ይሁን፣ የተበጠረ ይሁን፣ ማሽን አጠገብ ይታሰር ማለት ይችላል። ደንቡ ግን ይጻፍ፤ ከያንዳንዱ ትእዛዝ ጎንም ምክንያቱ ይጻፍ። ምክንያቱን መጻፍ ሲያቅተን ደንቡ አያስፈልግም ማለት ነው። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ይነበብ፣ ተማሪዎቹም ይጠየቁ። ሃይማኖት ወይም ባህል ያለበት ልጅ ሲመጣ የሚሰማው ሰው ይኑር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅጣቱ። በፀጉር የተነሳ ማንም ልጅ ከክፍልና ከፈተና አይቅር። ወላጁን አነጋግሩ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ልጁ ግን ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። የልጅ አናት ላይ መቀስ ማሳረፍ ደግሞ የየትኛውም መምህር ሥልጣን አይደለም።

ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በምዝገባ ቀን ለወላጅ የሚያስፈርሙት ወረቀት አለ። እኛም ዓይናችን የክፍያው መስመር ላይ ነው፤ የቀረውን ሳናነብ እንፈርማለን። የሚቀጥለው ነሐሴ ላይ አንዴ ቆም ብላችሁ የፀጉሩን አንቀጽ አንብቡት። ለምን ተብሎ እንደወጣ ጠይቁ። ብዙ ርዕሰ መምህራን ጥያቄው ሲመጣላቸው ደንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቡበታል። ከልባቸው የሚያሻሽሉትም አሉ።

ያንን ልጅ ልመለስበት ብዬ ነበር። ሐሙስ ዕለት ተላጭቶ መጣ። እናቱም አብረውት መጡ። የክፍል አለቃ ስለነበርኩ የቀሪ መዝገብ ይዤ ቢሮው በር ላይ ቆሜያለሁ። እናትየው አልጮኹም። ከነጠላቸው ጫፍ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ፈተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቤት የተላጨው ፀጉር ነው። ልጁ ከሁለት ዓመት በፊት በጠና ታሞ ነበር አሉ። ለቁልቢ ገብርኤል ተስለው ነበር። ከዳነ ፀጉሩ መቀስ ሳይነካው ይቆይና ታኅሣሥ 19 እዚያው ይላጫል። አንድ ወር ነበር የቀረው። «መሃሉ ጎድሎብኛል፣ ስጡኝና ሞልቼ ልሂድ» አሉ።

ዩኒት ሊደሩ መሬት መሬት አዩ። ሜዳው የተጠረገው ሰኞ ዕለት ነው፤ ከቆሻሻው ጋር ተቃጥሏል። ይህንን ሲነገራቸው እናትየው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ልጄ የቆመበትን ቦታ አሳዩኝ አሉ። ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ሲል ወርጄ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።